ንቦቹ ከገቡ በኋላ

ባለቤቴ ሲሞት ከጡረታው ሌላ የቀረልኝ አንድ የንብ ቀፎ ነው። ምድር ባቡር የሠራ ሰው ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ ቀፎውን ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አቆመው። ከልጆቼ አንዱ ጅቡቲ፣ አንዷ ሐዋሳ ናቸው። ይደውላሉ፤ ስልኩ ሲዘጋ ግቢው ዝም ይላል። ያኔ ወንበሬን ወደ ቀፎው አስጠግቼ እቀመጣለሁ። በቤቴ ሌላ ድምፅ የለም።

ዘንድሮ አንድ ጠዋት ከቀፎው ደጃፍ የሞቱ ንቦች አገኘሁ። በማግስቱ በረከቱ። ያልሞቱትም ክንፋቸው ተጣብቆ መሬት ላይ ይሳባሉ። አንዷን ባነሳት ጣቴ ሳሙና ሳሙና ሸተተኝ።

ከግንቡ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ቃሪያና ባሚያ እያለማች ለገበያ ታወጣለች፤ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ነው። ሄድኩባት።

«ምንድን ነው የረጨሽው?»

«ኒም ነው እማማ። ቅጠሉን ወቅጬ፣ ዘፍዝፌ አሳድሬ፣ አጥልዬ፣ እንዲይዝ ትንሽ ሳሙና ጠብ አድርጌበት። ክሽክሽ የሚሉት ተባይ ቃሪያዬን መጥጦ ጨረሰው። አቦ፣ መርዝ መሰለሽ? ቅጠል እኮ ነው።»

«ጫትም ቅጠል ነው፤ ስንቱን ቤት ፈታ?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ነገሩ እድር ድረስ ሄደ። ሰብሳቢው፣ «ቀፎውን ለሁርሶ መንገድ ገበሬዎች ስጪና ነገሩ ይብቃ» አለኝ። ሌላው ለእኔ ያዘነ መስሎት፣ «እሷ ትከልከል እንጂ» አለ። ሁለቱንም እምቢ አልኩ። የሷ ልጆች ስለ እኔ ንብ ጦማቸውን አያድሩም። የእኔም ንቦች ስለ ሷ ቃሪያ አይሰደዱም።

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለኝ ሰብሳቢው፣ ሰዓቱን እያየ።

«ጥቂት ቀን ስጡኝ።»

ማልጄ ተነስቼ ግንቡ ሥር ተቀመጥኩ። እኛ ድሬዎች የውጭ ሥራችንን የምንጨርሰው ፀሐይ ሳትከር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጥላ ፍለጋ ነው። ጎረቤቴም በዚሁ ልማድ በማለዳ ትረጫለች። ንቦቹም ድሬ ያደጉ ናቸውና ሙቀቱን ሸሽተው በማለዳ ይወጣሉ። ያበበው ቃሪያ ላይ ይገናኛሉ። ቀትር ላይ ደግሞ ሲጠማቸው፣ የተረፈው የኒም ውሃ ካለበት ባልዲ ይወርዳሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ውጭ የቀረ አልነበረም።

«ማታ ርጪ» አልኳት። «አበባውን ተይው፣ የቅጠሉን ሆድ ብቻ። ተባዩም ያለው እዚያ ነው። ባልዲሽንም ክደኚው።»

«ማታማ መግሪብ ነው እማማ። ሰግጄ፣ ልጆቹን አብልቼ ብወጣ ጨልሟል፤ ቅጠሉን ካበባው በምን ልለየው?»

እውነቷን ነው። ለንብ ተብሎ ሰላት ተዪ ማለት ፍርድ አይደለም።

«እንግዲያው አንቺ ስገጂ፣ እኔ እረጫለሁ።»

«ወላሂ ትወድቂና እዳሽ እኔ ላይ ይሆናል።»

«ከወደቅኩም ቃሪያሽ ላይ አልወድቅም፤ አይዞሽ።»

ከዚያ ወዲያ ለንቦቹ ጠጠር የጨመርኩበት ሳህን ውሃ እየሞላሁ ግቢዬ ውስጥ አኖር ጀመርኩ፤ ጠጠሩ ላይ ቆመው እንዲጠጡ። ማታ አዛን ሲሰማ ቀፎውን አያለሁ፤ ሁሉም ከገቡ ግንቡን ዞሬ እሷ ግቢ እገባለሁ። አጎንብሼ ቅጠሉን በግራ እጄ እየገለበጥኩ በቀኜ እረጫለሁ። ሰግዳ ስትወጣ ሄል ያለበት ሻይ ይዛልኝ ትመጣለች። ደጃፏ ላይ ተቀምጠን የገበያውን ሐሜት ታወራልኛለች። ከባለቤቴ ሞት ወዲህ ማታ ማታ ከሰው ጋር ሻይ መጠጣት የጀመርኩት ያኔ ነው።

የሞቱ ንቦች ማየቴ ቀረ። ሰብሳቢውም ቀፎውን ዳግመኛ አላነሳብኝም።

ባለፈው ሳምንት በግንቡ ላይ ብቅ አለችና፣ «እማማ፣ ከንግዲህ አትልፊ። ክሽክሹ ጠፍቷል፤ ቃሪያው ዳነ። አላህ ይስጥልኝ» አለችኝ። እኔም አሜን አልኩ። ቀፎዬ በቦታው ነው፤ ቃሪያዋም ገበያ ወጥቷል። ለማንም አልተፈረደም፣ በማንም አልተፈረደም። የፈለግኩት ይህንን ነበር።

ሻዩ የሚመጣው በምረጭበት ቀን ብቻ መሆኑን ግን አላሰብኩትም።

ትናንት ማታ አዛን ሲሰማ ንቦቹ ገብተው ነበር። ለማንኛውም ልይ ብዬ ግንቡን ዞርኩ። እሷ ውስጥ ትሰግዳለች። አጎንብሼ ቅጠሎቹን እየገለበጥኩ አየሁ። ንጹሕ ናቸው። ወደሚቀጥለው መደብ አለፍኩ።