ለተሸናፊው ያዘጋጀነው መደበቂያ

ቅዳሜ ጠዋት... ተከራዬ ኦቲዬኖ ደጃፉ ላይ ኩርምት ብሎ ስልኩን ያያል። ኬንያዊ ነው፤ እዚህ ወልቂጤ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል። አማርኛው ገና ነው፤ ዋጋ ሲከራከር ግን አይቸግረውም።

አገሩ ምርጫ ስለነበር ሰሞኑን ስቀልድበት ነው የከረምኩት። «ዛሬስ ስንት ጎማ አቃጠላችሁ?» እለዋለሁ፤ ይስቃል። ቅዳሜ ግን አልሳቀም።

«ጋሼ፣ ወንድሜ ተሸነፈ» አለኝ። ለካ ታላቅ ወንድሙ ለአካባቢያቸው ምክር ቤት ተወዳድሮ ኖሯል።

ቀልዴን ትቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«አሁን የት ነው?» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ቤቱ።»

«ቤቱ?! እዚያ መሆኑን ሰው ያውቃል?»

«ሁሉም ያውቃል።»

ልጁ ነገሩ አልገባውም... በቀጥታ ወደ ጎረቤቴ ወደ ሐጂ ሸምሱ ሄድኩ። ሐጂ የቦሎቄ ነጋዴ ናቸው፤ አይሱዙአቸው ሞያሌ ድረስ ይመላለሳል። ነገሩን ስነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጆች አሉት?»

«አሉት።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ! ተነሳ በል!»

ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ ሁሉን ጨረስን። ሞያሌ ላይ የሐጂ እህት ልጅ ይቀበለዋል። ከዚያ በአይሱዙ ወልቂጤ፣ ከወልቂጤ ጉንችሬ እናቴ ቤት። የእናቴ እንሰት ውስጥ እንኳን አንድ ሰው፣ አንድ ሻለቃ ጦር ቢገባ አይታይም። ደውዬ ስነግራት «ቆጮ ይበላል?» ብቻ ነው ያለችኝ።

ሐጂ ከእኔ ጋር መጥተው ኦቲዬኖ ፊት ቆሙና «ደውልለት፤ ዛሬውኑ ይነሳ!» አሉት። ልጁ ሊያስረዳን ሞከረ፤ እኛ ወይ ፍንክች! ሲጨንቀው በቪዲዮ ደወለ።

ወንድምየው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ይበላል... ሰርግ ላይ ነው። አንድ ወፍራም ሰውዬ ትከሻውን አቅፎታል።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አልኩ።

«ያሸነፈው ሰውዬ» አለ ኦቲዬኖ።

ሐጂ ስልኩን ተቀብለው ጠጋ ብለው አዩት። «አስገድዶት ነው?»

ኦቲዬኖ ተረጎመ። ወንድምየው ሳቀ፤ ወፍራሙም ሳቀ። ቆጠራው ላይ ቅሬታ አለኝ፣ ሰኞ ፍርድ ቤት ልከሰው ነው፣ እሱም ያውቃል አለን ወንድምየው። ሰርጉ ግን የጎረቤት ልጅ ሰርግ ነው፤ ማን ይቀራል?

ኦቲዬኖ ያዘጋጀንለትን መደበቂያ ሲነግረው በተራው ጠየቀን። «ግን ለምንድነው የምደበቀው?»

ሐጂ እኔን አዩ። እኔ ሐጂን አየሁ።

«እሱን ለማስረዳት ፓኬጅህ አይበቃም» ብለው ስልኩን ለኦቲዬኖ መለሱለት።

ለእናቴ ደውዬ እንግዳው ቀርቷል አልኳት። «ውይ... ያዙት እንዴ?» አለችኝ።

እኔ ግን ቆርጬ ተነስቻለሁ። የሰፈራችን የእድር ዳኛ ምርጫ ደርሷል። እስከ ዛሬ አንድ ሰው ይጠቆማል፣ ሁላችንም እጅ እናወጣለን፣ አለቀ። ዘንድሮ እኔም እወዳደራለሁ። በአደባባይ ተሸንፌ፣ ካሸነፈኝ ሰው ጋር አንድ ገበታ ላይ ክትፎ ልበላ ነው።

የሰፈሬ ሰዎች፣ አደራችሁን... እንዳትመርጡኝ!