አምስተኛው አስተያየት

በዚያ የገበያ ቀን ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጓዳ የተቀመጥነው አምስት ነበርን፤ ባለቤቱ ልብስ ሰፊው፣ ታስረው የተፈቱት ሽማግሌ፣ ጤና ረዳቷ፣ የቀበሌ ሱቅ ሠራተኛውና መምህሩ እኔ። ስማቸውን አልጽፍም። ያኔም አልጽፍም ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ የስፌት መኪና ዘይት ሽታ ነው። በቅርቡ ሱሪ ላሳጥር ከአንድ ወጣት ሰፊ ዘንድ ገባሁ፤ ሽታው እንደተቀበለኝ ዘወር ብዬ በሩ መዘጋቱን አየሁ። በዚህ ዕድሜዬ የምፈራው ሰው የለም። አየሁ ግን።

በደርግ ዘመን፣ ሆሳዕና ከተማ የነበረው ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ በኋላ፣ የምንሰበሰበው በገበያ ቀን ነበር። ከተማው ከየገጠሩ በመጣ ሰው ስለሚሞላ ማን የት እንደገባ ልብ የሚል አይኖርም። ልብስ ሰፊው ጓዳውን ከሱቁ በሚለየው መጋረጃ ሥር ተቀምጦ መኪናውን ይረግጣል፤ ከእኛ አንዱ ከመኪናው ድምፅ ዝቅ ባለ ድምፅ ያነባል። መኪናው ድንገት ከቆመ ሰው መጥቷል ማለት ነው።

በዚያ ሰሞን ሲነበብ የነበረው እኔ በሰማያዊ ደብተር የጻፍኩት አጭር ልብ ወለድ ነበር። አንድ ገበሬ ከተማ የሚማር ልጁን ሊጠይቅ ይሄዳል፤ ልጁም በጓደኞቹ ፊት ያፍርበትና «አንድ የአገር ሰው ነው» ይላል። በኋላ ሊጸልይ ሲንበረከክ «አባታችን» ከሚለው ቃል ማለፍ ያቅተዋል። ታሪኩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ደብተሩ በአራቱ አንባቢዎች እጅ ይዞራል፤ እያንዳንዱም አስተያየቱን በኋላው ገጽ ላይ በግራ እጁ ይጽፋል። ይህን ደንብ ያወጡት ሽማግሌው ናቸው፤ በምርመራ ጊዜ የገዛ እጅ ጽሑፋቸውን ፊታቸው ዘርግተውባቸው ነበርና። ደብተሩ ዞሮ ወደ እኔ ቢመለስም አስተያየቶቹ ሁላችን ባለንበት እንጂ አይገለጡም።

በዚያ ቀን የኋላውን ገጽ ገለጥኩ። ፊደሉ ሁሉ ተንጋዷል። «አባትየው ኮት ለብሶ ቢመጣ ኖሮ ልጁ ያቅፈው ነበር» ይላል የመጀመሪያው፤ ከመኪናው በኩል ሳቅ ተሰማ። «እናትየው የት ሄደች?» ይላል ሁለተኛው። «ንስሐው አጥሯል» ሦስተኛው። «ልጁን እዚያ ላይ አትተወው፤ ጸሎቱን አስጨርሰው» አራተኛው።

ከሥሩ ሌላ ነበር።

«ይህን ልጅ አውቀዋለሁ። በገበያ ቀን የት እንደሚገባ አውቃለሁ። አይፍራ። ይምጣ።»

መኪናው ቆመ። ሰው ግን አልመጣም።

«አራት ሰው ለክቼ አምስት ሱሪ ሰፋሁ ማለት ነው?» አለ ልብስ ሰፊው። ማንም አልሳቀም።

ሽማግሌው ጽሑፉን ወደ ብርሃን አስጠግተው ብዙ አዩት። «እኔንም የጠሩኝ እንዲህ ብለው ነው። አትፍራ፣ ና፣ ብለው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ ደብተሩ አንተ ዘንድ ሲቆይ ቤትህ ሰው ገብቷል?»

ገብቶ ነበር። አባቴ ከአንጋጫ በኩል ቆጮ ተሸክሞ መጥቶ አንድ ሌሊት አድሯል፤ እኔ ሳስተምርም ክፍሌ ውስጥ ብቻውን ውሏል። ደብተሩን ከተማሪዎቼ ደብተሮች መካከል ሸሽጌው ነበር። ጤና ረዳቷ ነጭ ጋውኗን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ታየኛለች። የአባቴ እግር፣ የተጣፈው ጋቢው በዓይኔ መጡ።

«አንድ የአገር ሰው ብቻ ነው የመጣው» አልኩ። «ፊደል አይለይም።»

የገዛ ታሪኬን ቃል በቃል መድገሜን ከአፌ ከወጣ በኋላ ሰማሁት። ሌሎቹ ልብ አላሉትም፤ ሁሉም የቀበሌ ሱቅ ሠራተኛውን እያዩ ነበር። ከሁላችን ኋላ ወደ ስብሰባችን የገባው፣ ደመወዙንም ከቀበሌ የሚቀበለው እሱ ነበር።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለ። «እኔ ስኳር ነው የምመዝነው፤ ሰው አልመዝንም።»

«ወንድሜ፣ ለጊዜው ባትመጣ ይሻላል» አሉ ሽማግሌው በለሆሳስ።

ተነሣ። መጋረጃው ጋ ሲደርስ ወደ እኔ ዞረ። «ደብተሩን አቃጥለው። ልጁን ግን ጸሎቱን አስጨርሰው እባክህ።» አራተኛው አስተያየት የእሱ እንደነበረ ያን ጊዜ ሁላችንም አወቅን። ግን ተመለስ አላልነውም። ደብተሩ በልብስ ሰፊው የከሰል ካውያ ውስጥ ተቀዳዶ ነደደ።

ከሚቀጥለው ገበያ በፊት በነበረው ሐሙስ አባቴ እንደገና መጣ። ጫማውን ደጃፍ ላይ አራገፈና ገና ሳይቀመጥ በቋንቋችን ጠየቀኝ።

«የጻፍኩልህን አነበብከው?»

«ምኑን?»

«ከሰማያዊው ደብተር ኋላ። የሌሎቹን አይቼ እኔም ጨመርኩበት።»

«ማን አነበበልህ አባባ?»

«ማን ያነብልኛል! መሠረተ ትምህርት ጨርሻለሁ እኮ። ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ።» ፊቱ በርቶ ነበር። «በገበያ ቀን ስመጣ በርህ ዝግ ነው። ልብስ ሰፊው ዘንድ ስትገባ አይቼሃለሁ፤ ሰው ፊት ብጠራህ ደስ አይልህም ብዬ ተውኩህ። ይምጣ ያልኩት ወደ ቤት ነው። እናትህ ዘንድ ከመጣህ ስንት ክረምት ሆነ?»

ገና ለብዕር ያልተገራ ቀኝ እጁ፣ ከእኛ ግራ እጅ ጋር አንድ መስሎ ኖሯል።

ለአባቴ ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። በገበያው ቀን ግን ልናገር ቆርጬ ሄድኩ። ልናገር የነበረው ሁለት ነገር ነው፤ የጻፈው አባቴ መሆኑንና አባቴን የአገር ሰው ማለቴን። የመጀመሪያውን ያለ ሁለተኛው መናገር የሚቻልበትን መንገድ እስከ በሩ ድረስ ፈለግሁ። አላገኘሁም። የሱቅ ሠራተኛው በዚያው ወር ወደ ሺንሺቾ ሄደ መባሉን በኋላ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ጓዳው ስገባ ልብስ ሰፊው እንደ ልማዱ አምስት በርጩማ ደርድሮ ነበር። ቆሞ አያቸው። አንዱን አንሥቶ ከመኪናው ሥር ከተተው፤ መርገጥም ጀመረ።

አራት ሆነን ተቀመጥን።