ለእኔም ለባላጋራዬም የጻፉት ሽማግሌ

ዛሬ ችሎት ቆሜ የገዛ ምስጢሬ ከባላጋራዬ መልስ ላይ ሲነበብ ሰማሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤቴ ድንበር አልፎ የገብስ ማሳዬን አረሰው። ጠበቃ ስለሌለኝ ራሴ ልከራከር ብዬ ከሰስኩ።

የክስ አጻጻፍ አላውቅምና ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። በርጩማ ሰጡኝና "ልጄ፣ ከእኔ ምንም እንዳትደብቂ" አሉኝ።

እኔ የዋህ፣ የመሬት ደብተሬን አይጥ እንደበላው ነገርኳቸው። ይህን ለባሌ እንኳን አልተናገርኩም።

ዛሬ ዳኛው የጎረቤቴን መልስ አነበቡ፦ "ከሳሽ ደብተሯን አይጥ ስለበላባት ማስረጃ የላትም።"

"እውነት ነው?" አሉኝ። አዎ አልኩ፤ ምን ልበል? ከመሬት ጽሕፈት ቤት ማስረጃ እንዳቀርብ ቀጠሮ ተሰጠኝ።

ከችሎት ወጥቼ ሽማግሌው ፊት ቆምኩ። "የጎረቤቴንም መልስ የጻፉት እርስዎ ነዎት?"

ቅንጣት ታህል አላፈሩም። "እኔ ለመጣ ሁሉ ነው የምጽፈው፣ ልጄ።"

አንገታቸው ላይ ያለው ማተብ ደግሞ የእኔን ሁለት እጥፍ ይወፍራል።

ምራቄን ልትፍ ስል "ለመሬት ጽሕፈት ቤቱም ማመልከቻ ያስፈልግሻል፤ ቁጭ በይ" ብለው ያችኑ በርጩማ ገፋ አደረጉልኝ።

በዚያ በር ሌላ ጸሐፊ የለም። ተቀመጥኩ።

ከእሳቸው ይልቅ የቀፈፈኝ ይሄ መቀመጤ ነው። እናንተስ፣ እያቅለሸለሻችሁ የተቀመጣችሁበት በርጩማ አለ? ንገሩኝ እስቲ፣ ብቻዬን አልሁን።