ቪፒኤኑ እምቢ ያለበት ሳምንት

ከአማቼ፣ ከባለቤቴ አባት ጋር፣ በአንድ ጣራ ሥር ስምንት ወር ኖረናል። በስምንት ወር ውስጥ የተነጋገርነው ቢሰበሰብ ግን አንድ ምሳ ሰዓት አይሞላም። ከዳንግላ ወደ እኛ የመጡት የባለቤቴ እናት ካረፉ በኋላ ነው፤ አርባው እንደወጣ ልጃቸው ሄዶ አመጣቸው። ዕድሜያቸውን አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው፣ በመጨረሻ ርዕሰ መምህር ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤቴ ጫግኒ ስለሚሠራ ቅዳሜ መጥቶ ሰኞ ሲነጋጋ ይሄዳል። እንጅባራ ባለው ቤታችን ሳምንቱን ሙሉ የምንፋጠጠው እኔና እሳቸው ነን።

ሥራዬ ከቤት ነው። አዲስ አበባ ላለ አንድ የትርጉም ድርጅት የአማርኛ ጽሑፎችን አርማለሁ። ጽሑፎቹ የሚቀመጡት በድርጅቱ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። እዚያ የምገባው ደግሞ ቪፒኤን በሚሉት፣ ከእኔ ጠረጴዛ ተነስቶ እነሱ ዘንድ በሚደርስ የተቆለፈ መንገድ ነው። መንገዱ ካልተከፈተ ሥራ የለም። አማቼ ይህን ሥራ ብለው አያውቁትም። ጠዋት ወደ ክፍሌ ገብቼ በሩን ስዘጋ፣ ሳሎን ተቀምጠው ለሚደውልላቸው ዘመድ በአዊኛ ያወራሉ። እኔ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው፤ አዊኛ አልሰማም። "ኮምፒውተር" የምትለውን ቃል ግን እሰማለሁ። ከእሷ ቀጥሎ የሚመጣውን ሳቅም እሰማለሁ።

እንግዳ ሲኖር "ልጄ" ይሉኛል። እንግዳው ሲወጣ "አንቺ" እሆናለሁ።

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ባለቤቴን ሸኝቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፤ ቪፒኤኑን ስነካው ትንሽ አሰበና "ግንኙነቱ አልተሳካም" አለ። ደገምኩት፣ እንደዚያው። ሠለስኩት፣ እንደዚያው። የዜና ገጽ ልክፈት ብል ቀይ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ገጹ አያስተማምንም ይላል። ስልኬ ግን በዚያው ዋይፋይ ያለችግር ይሠራል። በእጄ የነበረው ጽሑፍ ረቡዕ ቀትር ላይ መድረስ ነበረበት። አለቃዬ ደግሞ ክፍለ ሀገር ሆነው የሚሠሩትን ሁሉ ወደ ቢሮ ለመመለስ ሰበብ ከሚፈልጉት ወገን ነበረች።

ለድርጅቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ደወልኩ። በአካል አይቼው አላውቅም፤ በድምፁ ብቻ ነው የምጠላው።

"እዛ ኔትወርክ አለ እንዴ?" አለኝ፤ ከሰላምታው በፊት።

"አለ። ስልኬ እየሠራ ነው።"

"መብራትስ?"

"መብራት ባይኖር ኮምፒውተሩ እንዴት ይከፈታል?"

"እህቴ፣ ለምጠይቅሽ ብቻ መልሺ። ሰዓቱ ትክክል ነው?"

ወደ ስክሪኑ ጥግ አየሁ። ሦስት ሰዓት ከሃያ ይላል። የግድግዳውም ሰዓት ሦስት ከሃያ ነው። "ትክክል ነው" አልኩት።

"ቀኑስ?"

አሥራ አራት፣ አሥራ አንድ፣ ከዚያ ዓመተ ምሕረቱ። ሐምሌ አሥራ አራት ነበር። "ትክክል ነው።"

እስከ ምሳ ድረስ አንከራተተኝ። ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁ። ቪፒኤኑን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። የስልኬን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ ሰጥቼ ሞከርኩ። ሁሉም ያው ነው። በመጨረሻ "ቫይረስ ነው፤ የሆነ ሰው የሆነ ነገር አውርዶበታል። ቤት ውስጥ ሌላ የሚነካው አለ?" አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ዝናብ ሲያጉረመርም መብረቅ ይመታዋል ብለው ራውተሩን ከሶኬት የሚነቅሉት አማቼ ናቸው። ሥራ መሃል ላይ እያለሁ ስንት ጊዜ አቋርጠውኛል! ስልኩን ዘግቼ ሳሎን ገባሁ። ጋቢያቸውን ደርበው ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

"አባባ፣ ኮምፒውተሬን ነክተዋል?"

ሬዲዮውን አልቀነሱም። "የአንቺን ብረት ምን አደርገዋለሁ?"

"ትናንት እኛ ግምጃ ቤት ከተማ ለቅሶ ስንሄድ ቤት የነበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

"ቤት መኖሬ ወንጀል ሆነ? ገና ሌባ ትይኛለሽ።"

"ሌባ አላልኩም። አበላሽተውብኛል ነው ያልኩት።"

"እኔ ያበላሸሁት ነገር የለም" አሉ። ቃሉን ዛሬ ሳስበው አልዋሹም፤ አበላሸሁ ብለው አያምኑማ። ያን ጊዜ ግን ክህደት መስሎ ታየኝና ከእኔ ቀርቶ ከማንም ምራት አፍ የማይወጣ ነገር ተናገርኩ። "ሠርቼ የምበላበትን ከሚነኩ ዳንግላ ቢቀመጡ ይሻል ነበር" አልኩ። ያን ጊዜ ሬዲዮውን ዘጉት። ምሳም አልበሉም።

ማክሰኞ የኮምፒውተሩን ሣጥን፣ ሲፒዩውን፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ዶፍ እየወረደ፣ ባጃጅ አስቁሜ ወደ መናኸሪያው አካባቢ ወሰድኩት። እዚያ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው አለ። ከደጃፋችን ስወጣ አማቼ በመስኮት እያዩኝ ነበር። አልረዱኝም፤ እኔም እንዲረዱኝ አልፈለግሁም። የባጃጁ ሸራ ስለሚያፈስ ሲፒዩውን በሹራቤ ሸፍኜ አቅፌው ሄድኩ።

ጠጋኙ ከስክሪን ጋር አገናኝቶ ጥቂት ነካካውና ራሱን ነቀነቀ። "ፎርማት ካልሆነ አይድንም። ሁሉም ይጠፋል። የሚፈለግ ፋይል ካለ አሁን አሳዪኝ።"

የእኔ ፋይል ሁሉ አዲስ አበባ ስለሆነ የለም ልለው ነበር። ግን ስክሪኑ ላይ የማላውቀው ፋይል አየሁ። "ለልጄ" የሚል። ከፈትኩት። አማቼ ለባለቤቴ የጻፉት ደብዳቤ ነው፤ መተየቡን ርዕሰ መምህር ሳሉ ለምደውታል፤ ከላይ "ሐምሌ 13 ቀን" ይላል። እሑድ መሆኑ ነው፣ እኛ ለቅሶ የሄድን ዕለት። ጠጋኙ ከትከሻዬ በላይ እያነበበ ስለነበር ፊቴ ጋለ።

ስለ እኔ ነው የጻፉት። በር ዘግቼ እንደምውል፤ ሰው ሲመጣ ፈገግ እንደምል፣ ሰው ሲሄድ ፊቴን እንደምቋጥር። ሽሮውን ሆን ብዬ በሚጥሚጣ እንደማቃጥለው። ይህኛው ውሸት ነው። "ደህና አደሩ ካለችኝ በኋላ አንተ እስክትመጣ ድረስ የሰው ድምፅ የምሰማው ስልኬ ሲጮኽ ነው። እናትህ ከሞተችበት ቤት አውጥተህ ሰው ከሌለበት ቤት አስገባኸኝ" ይላል። ይህኛው ላይ ቆምኩ። የሚስተባበል ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ በማጣቴም ይበልጥ ተናደድኩ።

ከታች ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "ይህች ልጅ ቀኗ እንኳ የፈረንጅ ነው። በኮምፒውተሯ ላይ ዓመቱም ሰዓቱም የሰው አገር ሆኖ ስላገኘሁት በአገራችን አቆጣጠር አስተካክዬዋለሁ።"

ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጥግ አየሁ። ትክክል ነው። ለእኔ ትክክል ነው፣ ለእሳቸው ትክክል ነው፣ አዲስ አበባ ላለው ባለሙያም ትክክል ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ነው። ቪፒኤኑ መግቢያ የሚያደርገው የይለፍ ሰነድ በዚያ ዓመት ገና አልተወለደም። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚጻፍ መታወቂያ ይዤ የመጣሁ መስሎት ይመልሰኛል።

"ተወው፣ ፎርማት አታድርገው" አልኩት። ቀኑን በፈረንጁ አደረግሁት። በጠጋኙ ዋይፋይ ቪፒኤኑን ስነካው ወዲያው ተያያዘ። ጠጋኙ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ቤት ስደርስ አማቼ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ሲፒዩውን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ ከፀጉሬ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ "ደብዳቤዎን አነበብኩት" አልኳቸው።

"የሰው ደብዳቤ የሚያነብ ባለጌ ነው።"

"የሰው ኮምፒውተር ላይ የሚጽፍስ? ቀኑን ስለቀየሩ ሁለት ቀን ሥራ ፈታሁ፤ እንጀራዬን ሊያሳጡኝ ነበር።"

"ቀኑን አቃናሁ እንጂ አልቀየርኩም። እናንተ ናችሁ የቀየራችሁት።"

"ሚጥሚጣው ውሸት ነው።"

"ሌላውስ?" አሉ፤ ዓይን ዓይኔን እያዩ። "ሌላው ላይ ውሸት አገኘሽ?"

የአርሚነት አመል ሆኖብኝ፣ ወይም በሌላ ነገር ልወጋቸው ፈልጌ፣ "'ሥራ' በንጉሡ ሠ ነው፤ እርስዎ ደብዳቤው ላይ በእሳቱ ሰ ጽፈውታል" አልኩ። ዕድሜያቸውን አማርኛ ላስተማሩ ሰው ይህ ጥፊ ነው። ፊታቸውን አዙረው ወደ ውስጥ ገቡ። በዚያች ቅጽበት ደስ እንዳለኝ አልክድም። ደስታው ክፍሌ ገብቼ እርጥብ ልብሴን እስክቀይር ድረስ እንኳ አልቆየም።

ወደ ማምሻው ላይ በሬን አንኳኩ። በስምንት ወር ውስጥ ሲያንኳኩ የመጀመሪያቸው ነበር። "አትሚልኝ" አሉ። "ቅዳሜ ሲመጣ በእጄ ልሰጠው ነው።"

"በእኔው ላይ የተጻፈውን?"

"በአንቺው ላይ የተጻፈውን።"

አተምኩላቸው። ከማተሜ በፊት ያችን ሰ በሠ ተካሁ፤ ከእሷ ሌላ አንድ ፊደል አልነካሁም። ወረቀቱን ተቀብለው እዚያው በሩ ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ፊደሏ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ። አጥፈው ኪሳቸው ከተው ሄዱ።

ጽሑፉን ያስረከብኩት ሐሙስ ነው፣ በአንድ ቀን ዘግይቼ። አለቃዬ በጽሑፍ አስጠነቀቀችኝ። ባለሙያው ባቀረበው ሪፖርት "ተጠቃሚዋ የኮምፒውተሯን ቀን በራሷ ቀይራ" ብሎ አሰፈረ። በስልክ ሁለቴ ትክክል ነው ብዬው ስለነበር መከራከሪያ አጣሁ። ለአማቼ በኮምፒውተሩ ላይ የራሳቸውን መግቢያ ከፈትኩላቸው፤ መጻፍ ይችላሉ፣ ቀን መቀየር ግን አይችሉም። ይህን ሲያውቁ "እንደ ተማሪ ቀጣሽኝ" አሉና ሁለተኛ አልነኩትም።

ቅዳሜ ባለቤቴ ደብዳቤውን እራት ላይ አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ ሽማግሌ ልጥራ አለ። እኔም እሳቸውም እኩል "አያስፈልግም" አልን። በዚያች ነገር ብቻ ተስማምተናል። ለመስቀል ወደ ዳንግላ ተመለሱ፤ የእህታቸው ልጅና ሚስቱ አብረዋቸው ሊኖሩ ገቡ። ዕቃቸውን ሚኒባሱ ላይ ስናወጣ እኔም አንዱን ሻንጣ ይዤ ነበር። ከእጄ ወስደው ራሳቸው ጫኑት። ዳንግላ ቢቀመጡ ይሻል ነበር ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ሚኒባሱ እስኪሞላ ግማሽ ሰዓት ነበረኝ። አልጠየቅሁም።

አሁን የራሳቸው ላፕቶፕ አላቸው፤ ልጃቸው ነው የገዛላቸው። አንድ ነገር እምቢ ሲላቸው ይደውላሉ፤ ለእሱ እንጂ ለእኔ አይደለም። እሱ ደግሞ ስለማያውቀው ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን መሃላችን ያስቀምጠዋል። ባለፈው እሑድ የጻፉት ጽሑፍ ጠፍቶባቸው ደወሉ።

"የት እንዳስቀመጡት ጠይቃቸው" አልኩ፤ እየሰሙኝ እንደሆነ እያወቅሁ።

"አላስቀመጥኩትም በላት" አሉ።

"ታዲያ ከየት ይመጣል በላቸው።"

"መፍትሔ ካላት ትናገር በላት።"

ባለቤቴ ሁለታችንንም ትቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። አንዳችንም አልዘጋነውም። ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ወደ ስልኩ ጠጋ ብዬ፣ "ከላይ በግራ በኩል 'ፋይል' የሚለውን ይንኩ" አልኩ።

"ነካሁ" አሉ።