ይጥለዋል የተባለው እጮኛዬ

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ወረታ ገበያ የወሰደኝ የባጃጅ ልጅ መንገዱን ሙሉ ስለ አንድ ነጋዴ መሞት ሲያወራልኝ ሄደ። አሟሟቱን፣ የት እንደሚቀበር፣ ሚስቱ እንዴት እንደጮኸች ሳይቀር ነገረኝ።

«ማን ነገረህ ልጄ?» አልኩት።

«ኧረ እማማ፣ አገር ሁሉ የሚያወራው ነው!»

ስንደርስ ሟቹ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ከአንዲት ሴት ጋር በስኳር ዋጋ ይከራከራል። ልጁ አፉን ይዞ ቀረ፤ እኔ ግን ሳቄ አልቆም አለኝ። «አገር ሁሉ» የሚባለውን ምስክር ከድሮ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ባል ሊያሳጣኝ ነበር።

ነገሩ በንጉሡ ዘመን ነው። ቤታችን ከወረታ ወደ ርብ ወንዝ በሚወስደው ሜዳ ላይ ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች፣ ታናናሾቼን ሳሳድግ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላኝ፤ ያኔ ይህ ለሴት ልጅ ቆሞ መቅረት ነበር። ስለዚህ ከይፋግ አካባቢ ሽማግሌ ሲላክብን አባቴ ብዙም ሳያንገራግር እሺ አለ። ልጁ አስማረ ይባላል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጥምቀት አይቼዋለሁ። ሆታው ላይ ከጓደኞቹ ወደኋላ እየቀረ ሲዘልና በራሱ ሲስቅ ነበር። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ከልቤ አልወጣም፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ኅዳር ላይ ትሁን የምትባለው አክስቴ ከገበያ ተመልሳ፣ የተሸከመችውን እንኳ ሳታወርድ፣ «ጉድ ሆነናል! ልጁ ይጥለዋል!» አለች። የሚጥል በሽታ ማለቷ ነው። በጥቅምት ይፋግ ገበያ መሐል ወድቆ ሲንቀጠቀጥ ታየ ተባለ። አባቴ ይስለው የነበረውን ማጭድ ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ።

«ማን አየው?» አልኩ።

«ማን ያላየ አለ? አሥር ሰው ነግሮኛል!»

አባቴ በነጋታው ሽማግሌዎቹን ጠርቶ ነገሩን ሊያፈርስ ቆረጠ። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። «ሦስት ቀን» አለኝ፤ «ከዚያ በላይ የለም።»

አክስቴ የነገሯትን ሰዎች አንድ በአንድ እየዞርኩ ጠየቅሁ። አንዷ ከጎረቤቷ ሰማች፤ ጎረቤቷ ከአማቷ፤ አማቷ ወረታ ካለ የጨው ነጋዴ ሚስት። ሌሎቹም እየተጠማዘዙ እዚያችው ሴት ቤት አደረሱኝ። እሷ ደግሞ፣ «እኔ መች አየሁ? ሸክላ የምትሸጠው ሴት አጠገብ ነው የወደቀው ሲሉ ሰማሁ እንጂ» አለችኝ። አሥሩ ምስክር ተጠራቅሞ አንድ ያየ ሰው አልወጣውም።

ለአባቴ ስነግረው ፊቱን አጨፈገገ። «ደግሞ የሸክላ ሠሪ ቃል ይታመናል?» በዚያን ጊዜ የሸክላ ሠሪዎች ዓይን ሰው ይበላል እየተባለ አጠገባቸው እንኳ አንቀመጥም ነበር።

«አባባ፣ ያላየችውን አክስቴን ካመኑ፣ አጠገቡ የነበረችውን ብንሰማ ምን አለበት?»

ፊቱን አዙሮ ማጭዱን መሳል ያዘ። በማግስቱ ማለዳ ግን ዱላውን አንሥቶ፣ «ተነሽ» አለኝ።

በሜዳው ላይ ጤፍ እየታጨደ ነበር። መረሬው፣ ጥቁሩ አፈር፣ መሰንጠቅ ጀምሯል፤ በየስንጥቁ እግራችን እንዳይገባ እያየን፣ የሽንብራ ቆሎ እየቆረጠምን ሄድን። ርብን በመልካው ተሻገርን፤ ውሃው ከጉልበታችን አያልፍም ነበር።

ሸክላ ሠሪዋ እማማ ዘርፌ ይባላሉ፤ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። ከገበያው ዳር በገንቦዎቻቸው መሐል ተቀምጠዋል። አባቴ ራቅ ብሎ ቆመ። እኔ ሄጄ ቁጢጥ አልኩ።

«እማማ፣ በጥቅምት እዚህ የወደቀ ልጅ ያስታውሳሉ?»

«አስታውሳለሁ። ምንሽ ነው?»

«እጮኛዬ ነው።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ይጥለዋል ብልሽ ትተይዋለሽ?»

ለካ የመጣሁት ልጠይቅ አልነበረም፤ አይጥለውም ሲባል ልሰማ ነበር። እንዲህ ከሆነማ እኔስ ከአክስቴ በምን እሻላለሁ? «አላውቅም» አልኩ በመጨረሻ። «ብቻ እውነቱን ይንገሩኝ።»

«የኔን ልጅ ይጥለዋል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሲጥለው ብትጠሪው አይሰማሽም፤ እሳትና ውሃ አይለይም። ያ ልጅ ግን በጠራራ ፀሐይ በረደኝ እያለ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ውሃ ስሰጠው እግዜር ይስጥልኝ አለኝ። ወባ ነው። ደግሞ እኔ ያየሁት አንድ ቀን ነው፤ የሌላውን ቀን አላውቅም።»

አባቴ ሳላየው ቀርቦ ኖሯል። «አወዳደቁ እንዴት ነበር?» ሲል ጠየቀ።

ሴትዮዋ ሳቅ አሉ። «እዚህ ነበር የቆመው። ጉልበቱ ሲከዳው ገንቦዎቼን አየና፣ እየተንገዳገደ ወደዚያ ዞሮ ድንጋዩ ላይ ወደቀ። ግንባሩ ተፈነከተ፤ ከሸክላዬ ግን አንድ አልሰበረብኝም።»

አባቴ ድንጋዩን አየ፤ ገንቦዎቹን አየ። ከዚያ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ከሴትዮዋ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ። «የሚጥለው ሰው መውደቂያ አይመርጥም» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። ወደ እሳቸው ዞሮም፣ «እግዜር ይስጥዎ፣ እናቴ» አላቸው። አባቴ ሸክላ ሠሪን «እርስዎ» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

በጥር ተጋባን። ከአስማረ ጋር ከአርባ ዓመት በላይ ኖርን። ወባ ስንት መኸር አንቀጥቅጦታል፤ አንድም ቀን ግን አልጣለውም። ብቻ እንደሚያንኮራፋ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አስማረ ካረፈ ወዲህ ግን ስለ እሱ ሳስብ እማማ ዘርፌም ይመጡብኛል። ለሠርጌ ጠርቻቸው መጥተው ነበር። ከዳሱ ውጭ አስቀመጧቸው፤ ምግባቸውንም ለብቻ ሰጧቸው። ከሙሽራ መቀመጫዬ ላይ ሆኜ አየሁ። ሙሽራ አትነሣም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ስለ ባሌ ብዬ አገር ምድሩን የጠየቅሁ ልጅ፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ሲባል ግን «ማን አየ?» ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አሁን የልጅ ልጃቸው ወረታ ገበያ ሸክላ ትሸጣለች። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አጠገቧ ተቀምጬ እናወጋለን፤ ስነሣም አንድ ነገር ሳልገዛ አልመለስም። ልጆቼ በቧንቧ ውሃ ዘመን ይህ ሁሉ ገንቦ ምን ያደርግልሻል እያሉ ይቆጡኛል። ቤቴ መራመጃ አጥቷል።