ዮናታንን የሸኘሁበት ንግግር

ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ እንኳ የምታውቀው ግማሹን ነው። እናንተ ስሙኝና ፍረዱብኝ።

ሀና ማርያም የምኖር ጡረተኛ መምህር፣ የሰፈሩ እድር ሰብሳቢም ነኝ። አገር ተወረረች ሲባል ልጄ ሄኖክና የጎረቤታችን የፀሐይ ልጅ ዮናታን አብረው ሊዘምቱ ተማማሉ። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ፀሐይ ከዮናታን ሌላ ልጅ የላትም።

እኔ ምን አደረግሁ? ሄኖክን "ሐዋሳ ያለችው አክስትህ በጠና ታማለች፤ አይተሃት ና" ብዬ ዋሸሁት። እዚያ ሲደርስ፣ ኬላ አልፎ እንዳይመለስ መታወቂያውን ሸሸገችበት። ያስሸሸግኋት እኔ ነኝ።

በሽኝቱ ዕለት ላፍቶ ሜዳ ላይ ማይክ ጨብጬ የደነፋሁትም እኔ ነኝ። "አገር ስትደፈር ቤቱ የሚቀመጥ ልጅ የለኝም!" አልኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከመድረክ ስወርድ ዮናታን ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ።

"ጋሼ፣ ሄኖክስ?"

"ሐዋሳ እንደሄደ አሞት ነው፤ ሲሻለው ይከተልሃል" አልኩት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ።

"በቃ ቦታ እይዝለታለሁ" ብሎ ሳቀና አውቶቡሱ ላይ ወጣ።

በአራተኛው ወር መርዶው መጣ። ለእናቱ ያረዳሁት እኔው፣ ድንኳን ያስተከልኩት እኔው፣ "ጀግና አይሞትም" ብዬ ያጽናናኋት እኔው። ፀሐይ በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል እጄን ይዛ፣ "ሄኖክስ ተሻለው? እሱን እንኳ ያቆይልን" አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። ሐዘን መሰላት።

ሄኖክ የተመለሰው ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። አክስቱ መታወቂያውን መልሳለት ሁሉንም ነግራዋለች። አልጮኸብኝም። "አባዬ፣ እንዴት ብዬ የዮናታንን እናት ፊት ልየው?" ብሎ ልብሱን ይዞ ወጣ። አሁን ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ቤት ተከራይቶ ይኖራል። በታክሲ ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ደጄን ግን ረግጦ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ፀሐይ ቤቴ መጣች። የወደቁት ልጆች ሊዘከሩ ነው።

"መምህር፣ ያንን ንግግርዎን ይድገሙልኝ" አለች። "ልጄ እሱን ሰምቶ ነው ደስ ብሎት የሄደው።"

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የወጣው "እሺ" የሚል ቃል ነው። አመስግናኝ፣ መርቃኝ ሄደች።

ይቅር በሉኝ አልልም። በምን አፌ? የሰው ልጅ መርቄ ልኬ የራሴን ሸሽጌአለሁ። ደግሞም ያ ቀን ነገ ቢመለስ፣ ሄኖክን መልሼ እንደምሸሽገው አውቃለሁ።