ያልወለቀው ጉልበት

የርብ ወንዝ በክረምት የፎገራን ሜዳ ሲያለብስ ወሰን የሚባል ነገር አይተርፍም። ድንጋዩ ይሰምጣል፣ ምልክት የተባለው ዛፍ ይገነደሳል። በጥቅምት ውሃው ሸሽቶ ጓያና ሽምብራ ሊዘራ ሲል ጎረቤት ከጎረቤት "እስከዚህ የእኔ ነው" እያለ ዱላ ይማዘዛል። ያን ጊዜ የሚጠራው አባቴ ነበር። አድማሴ ጭቃውን እየረገጠ ይሄድና ቆም ብሎ ያስባል፤ ከዚያ በዘንጉ አንድ ቦታ ወግቶ "እዚህ ላይ ነበር" ይላል። በቃ። ማል የሚለው የለም። ሲቆፈር ድንጋዩ እዚያው ይገኛል። በገዛ ወንድሙ ላይ ሳይቀር መስክሮ መሬት አስለቅቆታል፤ አጎቴ በዚያ ተቀይሞ ሦስት ዓመት ቤታችንን አልረገጠም።

የምጽፈው ስለዚህ ሰው ነው። ታላቅ ሰው አልነበረም፤ ሁለት ጥንድ በሬ፣ ጥቂት ላሞችና አምስት ልጆች የነበሩት የወረታ ዳር ገበሬ ነው። እኔ እስከማውቀው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ዋሸ። የዋሸውም ስለ እኔ ጉልበት ነው።

ገላነሽ እባላለሁ። በ1958 ዓ.ም. ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ሰባተኛ ክፍል። ቁመቴ ከወንድሞቼ በልጦ እናቴን ጸሐይነሽን "ይህችን ማን ያገባታል" እያሰኘ ያስጨንቃት ነበር። ያ ቁመት ዋጋ ያገኘው መምህር ደሳለው የሚባሉ የስፖርት አስተማሪ መጥተው፣ ከጣና ዓሣ አጥማጆች የገዙትን አሮጌ መረብ በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል የወጠሩ ዕለት ነው። መረብ ኳስ አስተማሩን። እኔ ኳሷን ወደ ላይ ወርውሬ ስለጋት፣ ማዶ የቆሙት እጃቸውን ሳያነሡ መሬት ትመታ ነበር። ጉራ ነው ካላችሁም የስልሳ ዓመት ጉራ ነውና ተዉልኝ።

መምህር ደሳለው መስከረም ላይ ቤታችን ድረስ መጥተው አባቴን ፈቃድ ጠየቁት። ከፋሲካ በኋላ ደብረ ታቦር የትምህርት ቤቶች ውድድር እንዳለ፣ ገላነሽ ከሌለች ቡድን ቡድን እንደማይሆን ነገሩት። አባቴ ጭቃው ላይ እንደሚያስበው አድርጎ አሰበ። "ትጫወት" አለ። አድማሴ አንዴ ካለ ብሏል፤ መምህሩም ይህን ስለሚያውቁ ሁለተኛ አልጠየቁም።

እስከ ዐቢይ ጾም እኩሌታ ሰላም ነበር። ከዚያ ቁምጣ መጣ። ለውድድሩ ሁሉም በቁምጣ ነው ተባለና እናቴ ከጥቁር ጨርቅ ሰፋችልኝ። ከጉልበቴ በታች ይወርዳል፤ የዛሬ ልጆች ቢያዩት ቀሚስ ይሉት ነበር። ሰው ግን የሜዳውን አጥር ከቦ ማየት ጀመረ፤ ያየውንም ማውራት።

በሚካኤል ማኅበር ላይ፣ ጠላው ከዞረ በኋላ፣ የሰፈራችን ቀልደኛ አያ አለኸኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ "አድማሴ፣ ጊደርህን ቁምጣ አልብሰህ ገበያ አወጣሃት አሉ። ስንት ገባች?" አለው። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ይህን የነገረኝ ራሱ አባቴ ነው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ። "እኔም አብሬ ሳቅሁ" አለኝ መሬት መሬቱን እያየ። ከአለኸኝ ንግግር ይልቅ የቆጨው የራሱ ሳቅ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት በረት ስጠርግ ጠራኝ። ዓይኔን ሊያየኝ አልፈለገም። ቃሉን ማጠፍ አይሆንለትም፤ ቃሉ ከታጠፈ አድማሴ ምኑን አድማሴ ሆነ? እኔ በቁምጣ ስዘል መታየቴንም ከእንግዲህ አይችለውም። ለሁለቱም የሚሆን አንድ መላ ብቻ አግኝቶ ነበር።

"ዛሬ ትምርት ቤት አትሄጅም" አለኝ። "ጉልበትሽ ወልቋል።"

ጎንበስ ብዬ ጉልበቴን አየሁት። "የቱ?" አልሁት።

ይህን አላሰበበትም ነበር። "ቀኙ" አለ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ለመምህሩ ራስህ ንገራቸው፣ እኔ ግን ደኅና ነኝ ማለት ነበረብኝ። ይልቅስ መጥረጊያዬን አስቀምጬ በንዴት ገብቼ ተኛሁ። በዚህ እስከ ዛሬ በራሴ አፍራለሁ።

ወረታ ላይ ታምሞ ብቻውን የሚተኛ ሰው የለም፤ አባቴ የረሳው ይህን ነው። ገና ፀሐይ ሳትበረታ ጎረቤታችን እማማ አማከለች ደረሱ። እኒህ ሴትዮ የሰው ችግር ሲሰሙ ቁጭ ማለት አያውቁም፤ ወጌሻውን አያ ደረሰን ከኋላቸው አስከትለው ነበር። አያ ደረሰ ቅባኑግ ቀብቶ ቀኝ ጉልበቴን አሸ፣ አጠፈ፣ ዘረጋ። እኔ መጮህ እንዳለብኝ እንኳ ትዝ አላለኝም። ወጌሻው ቀና ብሎ አባቴን አየው። አባቴ ምሰሶውን ያያል።

"ወልቆ ነበር" አለ አያ ደረሰ ቀስ ብሎ። "አሁን ገብቷል። ወንዛዬ ወስደህ ፍል ውሃ ብታስነክራት ግን ይበጃታል።"

አያ ደረሰ በአንድ ወቅት መሬቱ ሊወሰድበት ሲል፣ የወሰኑን ድንጋይ ያሳየለት አባቴ ነበር። ስለ እውነት ያገኘውን ውለታ በውሸት መለሰለት። አባቴም ይህ ገብቶታል፤ ሆኖም ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ መመለሻ አጣ።

በእማማ አማከለች በቅሎ ወንዛዬ ሄድን። እናቴ ስንቁን ቋጠረች። ቁምጣዬን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ስታስቀምጠውም አይቻለሁ።

ወንዛዬ የእውነት በሽተኛ ሞልቷል። በትር ተደግፌ ተራ ያዝሁ። ከፊቴ ከይፋግ የመጣች ሴት ዐሥር ዓመት የምትሆን ልጇን አዝላ ቆማለች፤ የልጅቱ እግሮች ቀጥነው ተንጠልጥለዋል። ሴትዮዋ በትሬን አይታ ምን እንዳገኘኝ ጠየቀችኝ። ወለቀ አልኋት። "ይቺ የኔ ከተወለደች እንዲሁ ናት፤ አንድ ቀን ብትቆይ ምን ትሆናለች" አለችኝ። "ያንቺ አዲስ ነው፣ ቶሎ ይድናል። እለፊ በይ።"

ዞሬ አባቴን አየሁት። በቅሎዋን ይዞ ቆሟል፤ ሰምቷል። እለፊም አትለፊም አላለኝም። አለፍሁ። ሌላው በውሃው ደስ ብሎት "እፎይ" ሲል እኔ ውስጡ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ ያዩኝ ሁሉ አሟት ነው ብለው አዘኑልኝ።

ስንመለስ መንገዳችን የጉማራን ወንዝ ያሻግራል። ከተሻገርን በኋላ አባቴ "ልጅቱን አየሻት?" አለኝ። አየኋት አልሁት።

ፋሲካ አለፈ። ቡድናችን ያለ እኔ ደብረ ታቦር ሄዶ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፎ መጣ። በሦስተኛው ቀን መምህር ደሳለው ልጆቹን ሁሉ ይዘው፣ ድፎ ዳቦ አስይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። እማማ አማከለችም ነበሩ። በእኔ ቦታ ገብታ ኳሱን ሁሉ መረብ ላይ ስትሰቅል የዋለችው ጓደኛዬ ማናዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ "ይቅር በይኝ፣ አሳፈርሁሽ" አለችኝ። እሷ እኔን ይቅርታ ጠየቀች! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

እናቴ እንግዶቹን እንዳስታጥብ ነገረችኝ። ተነሣሁ፣ ማንቆርቆሪያውን ያዝሁ፣ እያነከስሁ ቤቱን አቋረጥሁ። ያነከስሁት በግራ እግሬ ነው።

ማናዬ ግራ እግሬን አየች፣ ቀኙን አየች፣ ከዚያ አቀርቅራ እጇን ዘረጋችልኝ። መምህር ደሳለው ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ይገባል መሰለኝ አሉ። አንድም ሰው ስለ እግሬ አላነሣም፤ ዳቦውን ቆርሰው፣ እግዜር ይማርሽ ብለው ወጡ። አባቴ ፊቱ ዐመድ መስሎ መደቡ ላይ ቀረ።

እማማ አማከለች በስተኋላ ቀርተው ነበር። በሩ ላይ ቆመው ሲናገሩት ሰማሁ።

"እኛኮ ወጌሻው ካያት ቀን ጀምሮ እናውቃለን። አንተ እንዳታፍር ብለን ነው ዝም ያልን፤ በቅሎዬንም የሰጠሁህ። አሁን ልጅቱ አፍረጠረጠችው። ሰው ምን ይለኛል ብለህ ነው አይዶል? ሰው ማለት እኛ አይዶለንም? ማን ምን አለህ?"

"አለኸኝ" አለ አባቴ።

"እሱማ ቀብር ላይም ቢሆን ይስቃል" አሉና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ተጫወቺ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለኝም። አትጫወቺም አላለኝም። ክረምቱን በሙሉ ከማኅበሩ ቀረ፤ ሰው ሲያይ መንገድ ይቀይራል። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ሜዳው ጋ እየደረስሁ እመለስ ነበር።

ጥቅምት ገባ፤ ውሃው ሸሸ። የዚያን ዓመት የተጣሉት አያ አለኸኝና ጎረቤቱ ነበሩ። እንደ ልማዱ አባቴን ጠሩት። ምሳውን ይዤለት ስለሄድሁ ሁሉን አይቻለሁ። ሄደ፣ ቆመ፣ አሰበ፣ በዘንጉ ወግቶ "እዚህ ላይ ነበር" አለ። ምልክቱ አያ አለኸኝን የሚጎዳ ነበር።

"ይማል" አለ አያ አለኸኝ።

በዚያ ሜዳ ላይ አድማሴን ማል ያለው ሰው አልነበረም። ሊዳኙ የመጡት ሽማግሌዎች አያ አለኸኝን ይቆጡታል ብዬ ጠበቅሁ። ሁሉም ጭቃውን ያያሉ። አባቴ አንድ በአንድ ፊታቸውን ሲቃኝ ቆየ።

"እምላለሁ" አለ። "በፊት ግን አንድ ነገር ልናገር። የልጄ ጉልበት አልወለቀም። ለመምሩ የሰጠሁትን ቃል ማጠፍ አፍሬ ዋሸሁ። ወንዛዬ ሄጄ የበሽተኛ ተራ ወሰድሁ። ከሰኞ ጀምሮ ትጫወታለች፣ በቁምጣዋ። የሚስቅ ይሳቅ።"

ከዚያ እጁን ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዘርግቶ ማለ። ሲቆፈር ድንጋዩ ተገኘ።

ሁለት ዓመት ተጫወትሁ። ደብረ ታቦር ሁለቴ ሄድን፣ አንዴ አሸነፍን። አባቴ በአጥሩ ጥግ ቆሞ ያያል፤ አያጨበጭብም፣ ግን አይቀርም። ወሰን ለማሳየትም መጠራቱን ቀጠለ። ብቻ ከዚያ ወዲህ ሳያስምሉት ቃሉን የተቀበለው የለም። አባቴ ጥቅምት በመጣ ቁጥር እጁን ዘርግቶ ይምል ነበር፣ እስኪሞት ድረስ።

በእርጅናው ያን ቀን እያነሣ በራሱ ይቀልድ ነበር። "ስንት ሰው ያስታረቅሁ ሰውዬ፣ ቀኙን አትርሽ ብዬ ደግሜ ብነግርሽ ኖሮ" ይለኛል እየሳቀ። እኔም አብሬው እስቃለሁ። የቱ እግር እንደሆነ ግን ያን ቀንም አልረሳሁም ነበር።